ስልካችን ለማን ያድራል?

መገናኛ አካባቢ ካሉት የሞባይል ጥገና ቤቶች በአንዱ፣ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ተራቸውን የሚጠብቁ ስልኮች ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው ጀርባ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። ፕላስተሩ ላይ የባለቤቱ ስም፣ የሚገኝበት ሌላ ቁጥር፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ደግሞ ዘጠኝ ነጥቦችና ነጥቦቹን የሚያገናኝ መስመር በእስክሪብቶ ተሠርቷል። የስልኩ መክፈቻ ፓተርን ነው። ወረፋ የያዘ ሁሉ ከቆመበት ያየዋል።

አንዲት ሴት ስክሪኑ የተሰነጣጠቀ ሳምሰንግ ይዛ መጣች። ጠጋኙ ልጅ «ፓተርኑን እዚህ ላይ ጻፊልኝ እህቴ» አላት።

«ስክሪን ለመቀየር ፓተርን ምን ያደርጋል?»

«ተቹ መሥራቱን ሳላይ እንዴት እሰጥሻለሁ?»

ልጁ እውነቱን ነው። እሷም ጻፈችለት። ቴሌብሯ፣ የባንክ አፗ፣ የልጆቿ ፎቶ፣ ከእህቷ ጋር ያወራችው ሁሉ እስክትመለስ ድረስ እዚያ መደርደሪያ ላይ ዋለ።

ብዙዎቹ ጠጋኞች ቅን ሠራተኞች ናቸው፤ የሚያሳስበኝ የእነሱ ጠባይ አይደለም። የሚያሳስበኝ መፍትሔው እያለ ለሰዉ አለመነገሩ ነው። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በብዙ ስልኮቹ ላይ «ሜንቴናንስ ሞድ» የሚባል ነገር አስገብቷል። ሲበራ ጠጋኙ ስክሪኑን፣ ካሜራውን፣ ድምፁን እንደ ልቡ ይሞክራል፤ ፎቶው፣ መልእክቱና አካውንቱ ግን አይታዩትም። ጉግልም በ2023 መጨረሻ ለፒክስል ስልኮች ተመሳሳዩን አምጥቷል። ያቺ ሴት የያዘችው ሳምሰንግ ይህ ነገር ሳይኖረው አይቀርም ነበር። ያልነበራት የሚነግራት ሰው ነው።

*

«ይሄ ስልክ ካርድ ይበላል» ሲባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ሃምሳ ብር ይሞላል፤ ሳይደወል፣ ዳታ ሳይከፈት፣ ሲነጋ ግማሹ የለም። የሚታማው ኔትወርኩ ነው፤ ካልሆነም ስልኩን የነካካው ልጅ ይወቀሳል።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 አፕስትሪም የተባለ የሞባይል ደኅንነት ኩባንያና በዝፊድ ኒውስ ያወጡት ምርመራ ሌላ ተጠያቂ አሳየ። ቴክኖ ደብልዩ 2 በሚባል ርካሽ ስልክ ውስጥ ትሪያዳ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም ስልኩ ከሳጥኑ ሳይወጣ ጀምሮ ተጭኖ ተገኘ። ትሪያዳ በስልኩ ሥርዓት ውስጥ ተቀብሮ ይቀመጥና ኢንተርኔት ሲያገኝ ኤክስ-ሄልፐር የተባለውን ባልደረባውን ያወርዳል። እሱ ደግሞ ባለቤቱ አንዲት ቁልፍ ሳይነካ ለሚያስከፍሉ አገልግሎቶች ይመዘግበዋል፤ ሒሳቡም ከተሞላው ካርድ ላይ ይቆረጣል። አፕስትሪም ከ200 ሺህ በላይ ከሆኑ የዚሁ ዓይነት ስልኮች የመጡ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ የክፍያ ጥያቄዎችን መዝግቧል። በብዛት የታየባቸው አገሮች ሲጠሩ ኢትዮጵያ ከካሜሩን፣ ከግብፅ፣ ከጋናና ከደቡብ አፍሪካ ጋር አለችበት።

ስልኩን ሪሴት ማድረግ አይፈውሰውም። ሪሴት የሚያጠፋው ባለቤቱ የጨመረውን ነው፤ ከፋብሪካ የመጣው እዚያው ይቆያል። ስለዚህ ሰውየው ጥገና ቤት ወስዶ፣ ከፍሎ፣ ፎቶውንና ቁጥሮቹን አጥቶ ሲመለስ ስልኩ ካርድ መብላቱን ይቀጥላል።

የቴክኖ፣ የአይቴልና የኢንፊኒክስ ባለቤት የሆነው ትራንሽን፣ የሼንዘኑ ኩባንያ፣ ጥፋቱን በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ በስም ባልጠቀሰው አቅራቢ ላይ አድርጎ ማስተካከያ ማውጣቱን ተናገረ። እንዲህ ያለው ነገር እንዴት እንደሚፈጠር ጉግል ራሱ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አብራርቶ ነበር፤ አምራቹ ለምሳሌ ስልኩን ፊትን በማሳየት መክፈት የሚያስችል ባሕርይ መጨመር ይፈልጋል፣ ራሱ መሥራት ስለማይችል የስልኩን ሥርዓት ለሌላ ድርጅት ይልካል፣ ሥርዓቱ ትሪያዳን ይዞ ይመለሳል፣ ከዚያ ለሽያጭ በሚወጡት ስልኮች ላይ ይጫናል።

እኔን የሚያንገበግበኝ የተዘረፈው ማን እንደሆነ ነው። ውድ ስልክ መግዛት የሚችለው ሰው አልነበረም። የመጀመሪያ ስማርት ስልኩን ለመግዛት ወራት ያጠራቀመው የጉልት ነጋዴ፣ ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው ነው። እሱም ብሩ ሲጠፋ ጥፋቱን ከራሱ ጀመረ፤ «አልችልበትም ማለት ነው» አለ።

ማስተካከያው መውጣቱ ለእሱ ብዙም አይጠቅመውም። ለማውረድ ዳታ ያስፈልጋል፤ ዳታ ደግሞ በዚያው በሚበላው ካርድ ነው የሚገዛው።

*

«ኢሜይልዎ ማን ነው?»

«እኔ እንጃ ልጄ፣ ሞባይል ቤት ነው ያወጡልኝ።»

ይህ ንግግር በየሠፈሩ አለ። ስልኩ የተገዛ ዕለት ሻጩ ልጅ በደግነት ጂሜይል ይከፍትላቸዋል። የይለፍ ቃሉን እሱ ያወጣል፤ ብዙ ጊዜ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት ነው። እማማ ወረቀቱን ይጥሉታል፣ ልጁም ይረሳል ወይም ሥራ ይቀይራል። ከዓመት በኋላ የልጅ ልጃቸው ፓተርኑን ደጋግሞ ተሳስቶ ስልኩ ይቆለፋል፣ ሪሴት ይደረጋል፤ ስልኩም የበፊቱን ጂሜይል አምጡ ይላል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አንድሮይድ ላይ ያለው ይህ ጥበቃ የተሠረቀ ስልክ ለሌባው እንዳይጠቅም የታሰበ ነው፤ በጎ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ግን ባለንብረትን ከሌባ አልለየም። እማማ በገዛ ስልካቸው ደጅ ቀሩ፤ ስልኩ ላይ የነበሩት ቁጥሮችና የሟች ባለቤታቸው ፎቶም በሪሴቱ ሄደዋል።

ከውጭ የሚመጣው አይፎንም የራሱ ጣጣ አለው። ከቨርጂኒያ ወይም ከዳላስ ልጅ ለእናቱ የራሱን አሮጌ ስልክ ይልካል፤ የአፕል አካውንቱን ግን ሳያወጣ። እናት በለቅሶ ቤት፣ በማኅበር የሚያነሡት ፎቶ ሁሉ ልጁ ስልክ ላይ ሊታይ ይችላል፤ የእሱም እሳቸው ጋ ሊመጣ ይችላል፤ ለእናት ሊያሳየው ያላሰበውም ጭምር። እሱ አንድ ቀን ተሳስቶ «ይህ ስልክ ጠፍቷል» የሚለውን ቢጫን አዲስ አበባ ያለው ስልክ ይቆለፋል። ስጦታው በፍቅር ነው የተላከው፤ ነገር ግን ስጦታ የሚሆነው አካውንቱ ከወጣ በኋላ ነው። ከመላኩ በፊት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

ለወላጆቻችን አካውንት ስንከፍት አጠገባቸው ተቀምጠን፣ በራሳቸው ቁጥር፣ እነሱ በሚያስታውሱት ቃል ይሁን። ቃሉ ማስታወሻ ደብተር ላይ ተጽፎ ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥም ምንም አይደለም። ሣጥኑን የሚከፍት ሌባ ቢኖር እንኳ ጉዳቱ ያልታወቀ የይለፍ ቃል ከሚያደርሰው ያነሰ ነው።

*

በራሳችን ፊደል ለመጻፍ ስንል የማንቀበለው ነገር የለም። አዲስ ኪቦርድ አንድሮይድ ላይ ሲጫን አንድ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ይህ ኪቦርድ የይለፍ ቃልና የባንክ ካርድ ቁጥርን ጨምሮ የሚጽፉትን ሁሉ ሊሰበስብ ይችላል ይላል። ለብዙ ዓመታት አማርኛ መጻፍ የፈለገ ሰው ማን እንደሠራው ያላወቀውን ኪቦርድ አውርዶ፣ ይህን አንብቦ ወይም ሳያነብ «እሺ» ብሎ አልፏል። እንግሊዝኛ የሚጽፈው ሰው ይህ ጥያቄ አልገጠመውም፤ የእሱ ኪቦርድ ከስልኩ ጋር መጥቷል።

ለአማርኛ ኪቦርድ የደከሙ ወገኖቻችን ባለውለታዎቻችን ናቸው። ግን ኢንተርኔት የማይጠይቅ ኪቦርድና ማስታወቂያ የሚያሳይ ኪቦርድ እኩል አይደሉም። ማስታወቂያ የሚያሳየው ከውጭ ጋር ይገናኛል፤ የምንጽፈው የይለፍ ቃልም በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። አሁን የጉግል ኪቦርድ አማርኛ አለው። እሱም ቢሆን የጉግል ነው፤ ቢያንስ ግን ማን እንደሆነ ይታወቃል።

*

ኪቦርዱ ቀርቶ ስልኩ ራሱም ያወራል። የደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ዳግላስ ሊት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት መሠረት፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ ማንም ያልነካው አይፎንም ሆነ አንድሮይድ በአማካይ በየ4.5 ደቂቃው ወደ አፕል ወይም ወደ ጉግል መረጃ ይልካል። ጉግል የጥናቱን አሠራር ተቃውሟል፤ መረጃው ስልኩ በትክክል መሥራቱን ለማወቅ ነው ብሏል። ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ግን አልተጠየቀም፤ አልፈልግም ቢልም ሙሉ በሙሉ የሚያቆምበት ቦታ አላገኘም።

*

ቴሌግራም ለእኛ ጋዜጣ ነው፣ ገበያ ነው፣ የዕድር ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ብዙ ሰው ምስጢሩን የሚያወራውም እዚያ ነው፤ «ቴሌግራም አይጠለፍም» ስለተባለ። የተለመደው የቴሌግራም ወሬ ግን በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ኩባንያው ሊከፍተው የማይችለው «ሲክሬት ቻት» ተብሎ ለብቻው የሚከፈተው ብቻ ነው፣ እሱም በሁለት ሰዎች መካከል ነው። ግሩፕ የለውም። ዋትስአፕ ላይ ይህ ጥበቃ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለሁሉም ወሬ ሳይጠየቅ በርቷል። የቴሌግራሙ ባለቤት ፓቬል ዱሮቭ በኦገስት 2024 ፈረንሳይ ውስጥ ከተያዘ በኋላ ደግሞ ኩባንያው ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት ደንቡን የተላለፉ ሰዎችን ስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ እንደሚሰጥ አስታውቋል።

ከዚህ ይልቅ በየቀኑ የምናየው ጉዳት ቀላልና ቅርብ ነው። ከምታውቀው ሰው አካውንት መልእክት ይመጣል፤ «የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ነች፣ እባክህ ድምፅ ስጣት»። ሊንኩን ስትነካ ቁጥርህን፣ ቀጥሎ በመልእክት የመጣልህን ኮድ ይጠይቃል። ኮዱን ስታስገባ አካውንትህ ወጣ። ማታ ላይ በአንተ ስም ለዘመዶችህ በሙሉ «አስቸኳይ ነገር ገጥሞኝ ነው፣ እስከ ነገ አምስት ሺህ ብር» ይላል። ሰው የሚልከው ስለሚወድህ ነው፤ ሌባው የዘረፈው ያንን ነው። ሴቲንግ ውስጥ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን ከፍቶ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ማስገባት ይህንን በር በእጅጉ ያጠብበዋል። ቁጥራቸውን ትተው አገር የቀየሩም ይህ ይመለከታቸዋል፤ ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ለሌላ ሰው ይሸጣል፣ የአካውንቱ ኮድም ለአዲሱ ባለቤት ይደርሰዋል።

*

የሚገባው ሌባ ብቻ አይደለም፤ ሰላይም ይገባል። ሜሪላንድ የሚኖር፣ ኢትዮጵያ ተወልዶ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘ አንድ ሰው፣ ፍርድ ቤቱ ኪዳኔ በሚል መጠሪያ ስሙን እንዲሸሽግ የፈቀደለት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ዲሲ ከሰሰ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ተገኝቶበት ነበር። የገባው ከሰው ወደ ሰው የተላለፈ የጽሑፍ ፋይል ላይ ተጣብቆ ነው። ፕሮግራሙ የስካይፕ ጥሪዎቹን ቀድቷል፤ ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራ ኢንተርኔት ላይ የፈለገውን ሳይቀር መዝግቧል።

እ.ኤ.አ. በማርች 2017 የይግባኝ ፍርድ ቤት የክሱን መዘጋት አጸናው። ምክንያቱ ሰውየው አልተሰለለም የሚል አልነበረም። በእንዲህ ያለ ጉዳይ የውጭ መንግሥት በአሜሪካ ሊከሰስ የሚችለው ጉዳቱን ያደረሰው ድርጊት በሙሉ እዚያው አሜሪካ ውስጥ ከተፈጸመ ነው፤ ይህ ግን ከውጭ የታቀደ ነው ተባለ። ሰላዩ ሩቅ አገር ስለተቀመጠ ብቻ ነፃ ሆነ ማለት ነው። ይህን ፍርድ ባነበብሁ ቁጥር ይቆረቁረኛል፤ የስልክና የኮምፒውተር ስለላ ብዙ ጊዜ ከሩቅ ነው የሚሠራው።

ያኔ የስለላ ፕሮግራሙ የሚገባው ሰው ፋይል ሲከፍት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የእስራኤሉ ኩባንያ ኤንኤስኦ ፔጋሰስ የተባለውን የስለላ ፕሮግራም በዋትስአፕ ጥሪ በኩል ወደ 1,400 ገደማ ስልኮች ሲልክ ጥሪውን ማንሣት እንኳ አላስፈለገም። የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚደረግ ግንኙነት አይደፈርም ይላል። ቃሉ ጥሩ ነው። ተደፈርኩ የሚል ሰው ማስረጃ የሚያገኝበት የአገር ውስጥ ቤተ ሙከራ ግን ያስፈልገዋል፤ የኢትዮጵያውያንን ኮምፒውተር መርምሮ የስለላውን ዱካ ያገኘው የቶሮንቶው ሲትዝን ላብ ነበር።

*

በዓረብ አገራት ቤት ሠራተኛ ለሆኑ እህቶቻችን ስልክ ማለት ከውጭ ዓለም ጋር ያላቸው ብቸኛ መስመር ነው። አሠሪዎች ስልክ እንደሚነጥቁ፣ እንደሚፈትሹ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ደጋግመው ጽፈዋል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ደግሞ የዋትስአፕ የድምፅ ጥሪን ዘግታ ቆይታለች። ነፃ ጥሪ ሲዘጋ ሰው ያገኘውን ይጭናል። ቶቶክ የተባለው አፕ እዚያ ተስፋፍቶ ሳለ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ኒው ዮርክ ታይምስ የመንግሥት መሰለያ መሆኑን ዘገበ፤ አፕልና ጉግልም ከመደብራቸው አነሡት። ለእናቷ ድምፅ ብላ የጫነችው ሰው ምን አማራጭ ነበራት?

*

ጉግል እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025፣ ማንነቱን ለእሱ ያላስመዘገበ ሰው የሠራው አፕ በተመሰከረላቸው አንድሮይድ ስልኮች ላይ እንደማይጫን አስታወቀ። ከሴፕቴምበር 2026 ጀምሮ በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ ይጀመራል፣ ቀጥሎ ወደ ሌላው ዓለም ይሄዳል ተብሏል። ነፃ አፖችን የሚያቀርበው ኤፍ-ድሮይድ በይፋ ተቃወመ። ጉግል ቆየት ብሎ አደጋውን አውቀው መጫን ለሚፈልጉ ልምድ ያላቸው ተጠቃሚዎች መንገድ እንደሚተው ተናገረ።

በዚህ ጉዳይ ልቤ ለሁለት ይከፈላል። እኛ አገር አፕ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ፣ በቴሌግራም ቻናል ከማይታወቅ ሰው ነው የሚተላለፈው፤ ባንክ አፕ መስሎ የሚመጣ ሌባም በዚሁ መንገድ ይገባል። ዳታ ውድ በሆነበት አገር ግን ይህ መንገድ የድሃ መንገድም ነው። ጅማ ወይም ደሴ ያለ ወጣት ለጓደኞቹ የግዕዝ መማሪያ አፕ ሠርቶ ሊሰጣቸው ሲፈልግ ማንነቱን ካሊፎርኒያ ላለ ኩባንያ ማስመዝገብ አለበት መባሉን አልቀበለውም። የገዛሁት ስልክ ላይ ምን እንደሚጫን ማስጠንቀቂያውን አንብቤ እኔ ልወስን። ብሳሳት ጉዳቱ የእኔ ነው፤ መሳሳት የማልችልበት ስልክ ደግሞ የእኔ አይደለም።

*

አንድሮይድ ስልክ ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ «አባውት ፎን»፣ እዚያ ውስጥ «አንድሮይድ ሴኩሪቲ አፕዴት»። እዚያ ላይ አንድ ቀን ተጽፏል። ከዚያ ቀን በኋላ የተገኙት፣ ያንን ስልክ የሚነኩ ቀዳዳዎች አብዛኛውን ጊዜ እንደተከፈቱ ናቸው። አጠገቤ የሚቀመጡ የሥራ ባልደረቦቼን ስልክ አብረን አየን፤ አንዳንዱ ላይ ቀኑ ዓመታት አልፎታል። በዚያው ስልክ ደመወዛቸው ይገባል፣ የቤት ኪራይ ይከፈላል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ፣ ኅብረቱ ውስጥ ለገበያ የሚቀርብ አዲስ ስልክ ሽያጩ ካበቃ በኋላም ቢያንስ ለአምስት ዓመት አፕዴት እንዲያገኝ አስገድዷል። ጉግልና ሳምሰንግ በውድ ስልኮቻቸው ላይ ሰባት ዓመት ቃል ገብተዋል። መርካቶ የሚሸጠው ርካሽ ስልክ ሳጥን ላይ የካሜራው ሜጋፒክስልና የባትሪው መጠን በትልልቁ ተጽፏል፤ አፕዴቱ መቼ እንደሚቆም የሚናገር መስመር ግን አላየሁም።

አሁን ሕግ አለን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የማስፈጸሙን ሥልጣን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ይኸው ባለሥልጣን ወደ አገር የሚገቡ የመገናኛ መሣሪያዎችን ዓይነት መርምሮ የማጽደቅ ሥራም አለው። ሁለቱ ሥልጣኖች አንድ ቤት ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ስልክ ሲጸድቅ ሬዲዮው ከኔትወርኩ ጋር መስማማቱ ብቻ አይመርመር፤ ከፋብሪካ ተጭኖ የመጣው ፕሮግራምም ይፈተሽ። ሳጥኑ ላይ ደግሞ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ሁለት መስመር ይጻፍ፤ የደኅንነት አፕዴት እስከ መቼ እንደሚመጣና ባለቤቱ ሊያጠፋቸው የማይችላቸው አፖች የትኞቹ እንደሆኑ። አስመጪው ይህን ከአምራቹ ጠይቆ ማምጣት አያቅተውም፤ የዋስትና ካርድ እያስመጣ ነው።